ሐረጎን በቮልስ፦ ሄደር ከገጠማችሁ ዘይቱንም አስቡት

ሰሞኑን ሁለት ሦስት ልጆች በየተራ ደውለው "ለቮልሴ ሄደር ልገጥምላት ነው፣ ምን ትላለህ?" አሉኝ። ሄደር የሚሉት የፋብሪካውን የጭስ መውጫ የሚተካ፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ ቱቦ ያለው የጭስ መውጫ ነው። ለሁሉም የምለው አንድ ነው። ግጠሙ፣ ደስ ይላል። ግን ሄደሩንና የዘይቱን ማቀዝቀዣ እንደ አንድ ሥራ ያዙት። ሄደሩን ዛሬ፣ ኦይል ኩለሩን ደግሞ ብር ሲገኝ እያላችሁ ለየብቻ ካሰባችኋቸው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሸዋል። በተለይ በሐረጎ ዳገት ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ለምንመላለስ ሰዎች ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ትንሽ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠጣም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዛትም ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ፋን የሚነፋው አየርና ዘይቱ ናቸው። የዘይቱ መጠን ደግሞ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። በዚያች ሁለት ሊትር ተኩል ላይ ነው እንግዲህ የማለስለሱም፣ ሙቀት ተሸክሞ የማውጣቱም ሥራ የወደቀው። እኛ አገር ያሉት የድሮዎቹ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ የዘይት ፊልትሮ እንኳ የላቸውም፣ ከታች ያለች ወንፊት ብቻ ናት። ቢሆንም ጠንካራ መኪና ናት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ አገር ደግሞ ታሪክም አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ናት። እሱን ያየ የኛ አገር ሰው እስከ ዛሬ ቮልስ ሲያይ ዞር ብሎ ያያታል።

የፋብሪካው ኦይል ኩለር አለ፤ የለም እንዳትሉ። ፋኑ ቤት ውስጥ ቆሞ ነው ያለው። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ላይ ኩለሩ በቀጥታ አየሩ መንገድ ላይ ቆሞ በግራ በኩል ያለውን ሦስተኛ ሲሊንደር ይሸፍንበታል። ሦስተኛው ሲሊንደር ትኩስ አየር ስለሚደርሰው ከሌሎቹ ቀድሞ ይግላል፣ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። ከ1971 ጀምሮ ኩለሩን ወደ ጎን አውጥተው የራሱን የአየር መንገድ ሰጡት። የናንተ የትኛው እንደሆነ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ። የድሮው ከሆነ ሌላ ነገር ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት በአዲሱ ዓይነት መቀየሩ ያዋጣል። በኔ እምነት ከየትኛውም ተጨማሪ ኩለር በላይ የሚጠቅም ሥራ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሐረጎ እንምጣ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መታጠፊያ በመታጠፊያ ላይ ነው፣ ከፊት ደግሞ ሁሌ የተጫነ ተሳቢ አለ። ተሳቢው በመጀመሪያ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ እናንተም ከኋላው በሁለተኛ ማርሽ፣ ጋዙን ረግጣችሁ፣ በዝግታ ትከተሉታላችሁ። ሞተሩ ብዙ ይሠራል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ከታች የሚያልፍ ንፋስ የለም ማለት ነው። ለዘይት ከዚህ የከፋ መንገድ የለም።

ከፍታውም ራሱ አለ። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሳስቶ ወደ አራት አምስተኛው ዝቅ ይላል። ፋኑ ያው ፋን ነው፣ የሚነፋው አየር ግን ቀሏል፣ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እናም እኛ ጉልበቱን ለመመለስ ጋዙን ወለሉ ድረስ እንረግጣለን። ሄደር የሚያስፈልገን ለዚህ ነው እንግዲህ። እኔም የገጠምኩት ለዚሁ ነው፤ ባለ 1600 ሞተር ላይ አራት ቱቦ ወደ አንድ የሚገባ ዓይነት።

ሄደሩ ምን ያደርጋል? የፋብሪካው የጭስ መንገድ ጠባብና ጠማማ ነው። ሄደሩ እያንዳንዱን ሲሊንደር በራሱ ቱቦ ያወጣና መጨረሻ ላይ ያገናኛቸዋል፣ ጭሱ በተራ በተራ ሲወጣ አንዱ ሌላውን ይስበዋል። ከመካከለኛ ዙር በላይ ልዩነቱ ይሰማል፣ ዳገት ላይ ማርሽ ሳትቀንሱ ትንሽ ታዘልቃላችሁ። ግን ቱቦው ቀጭን ብረት ነው። ውስጡ የሚያልፈው ጭስ ሞተሩ ሲጨነቅ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። የፋብሪካው ቱቦ ላይ ማሞቂያ ሳጥን የሚባለው ላሜራ ለብሶ ነበር፣ ሙቀቱን ይዞ ወደ ውስጥ ለተሳፋሪው ይልክ ነበር። እሱን አውጥታችሁ ራቁት ቱቦ ስታስገቡ ያ ሁሉ ሙቀት በዙሪያው ያለውን ነገር ያገኛል። በዙሪያው ያለው ደግሞ የሞተሩ ሆድ፣ የፑሽሮድ ቱቦዎቹ (ቫልቭ የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው) እና ጎሚኒዎቻቸው (ማሸጊያ ጎማዎቻቸው)፣ እንዲሁም እናንተ በኋላ የምትዘረጉት የዘይት ቱቦ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሞቂያ ሳጥኑን ካወጣችሁ በክረምት ጉም ሐረጎን ሲሸፍነው የፊት መስታወቱን የሚያደርቅ ትኩስ አየር አይኖራችሁም። ማሞቂያ ሳጥኑን ሳያስወጣ ከእሱ ጋር የሚታሰር ሄደር አለ። ጉልበቱ ትንሽ ቢያንስም ደሴ ለሚኖር ሰው፣ በተለይ ቤተሰብ ለሚጭን፣ እኔ የምመክረው ያንን ነው። ሙቀቱም ከራቁቱ ቱቦ ያነሰ ይወጣል። የኔዋ ላይ ሳጥኑ ዝጎ አልቆ ስለነበር ነው ወደ ራቁቱ የሄድኩት።

ራቁቱን ከመረጣችሁ ደግሞ የፋኑ ቤት ላይ ወደ ማሞቂያው አየር የሚልኩትን ሁለት ቀዳዳዎች መድፈን ግድ ነው። ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሲሊንደሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር በዚያ ቀዳዳ በከንቱ ይፈስሳል። ሁለት ክብ ላሜራ ቆርጦ መዝጋት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የላሜራ ነገር ከተነሳ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው። ቮልስ ሞተር ዙሪያ ያለው ላሜራ ለጌጥ አይደለም። ከላይ ቀዝቃዛ አየር፣ ከታች ትኩስ አየር፤ ላሜራው ግድግዳ ነው። በኮፈኑ ዙሪያ ያለው ጎማም የዚያው ግድግዳ አካል ነው። ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲወርድ "ይሄ ምን ያደርጋል" ተብሎ ጥግ የተጣለ ላሜራ ስንት አይቻለሁ። ግድግዳው ከተቀደደ ፋኑ ከሄደሩ የተነሳውን ትኩስ አየር መልሶ ይስብና ሞተሩ ላይ ይነፋዋል። ሄደር ሳይኖር ይሄ ችግር ነው፣ ሄደር ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት በእጅ ባትሪ አንድ ምሽት ላሜራውን ዙሩት። ከታች አብርታችሁ ከላይ ብርሃን የምታዩበት ቦታ ሁሉ አየር ያልፍበታል። የተሰነጠቀውን ጎማ ቀይሩ፣ የጎደለውን ላሜራ አሠሩ፣ የካንዴላ ገመዱ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች የሚዘጉትን ጎማዎች አትናቁ። ፋኑ ቤት ውስጥ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክንፎችም አውጥቶ የሚጥል አለ፤ እነሱም አየሩን ወደ ሲሊንደሩና ወደ ኩለሩ የሚመሩ ናቸው፣ ካሉ ይቆዩ።

ይሄን ሁሉ አስተካክላችሁ፣ ሙቀት መለኪያ ገጥማችሁ፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ዘይቱ ከ105 ዲግሪ ካላለፈ፣ አብሽሩ፣ ኩለር አያስፈልጋችሁም። ሳይለኩ መግዛትን አልደግፍም። ከ80 እስከ 105 መሃል ያለ ዘይት ጤነኛ ነው። 120ን ከነካ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ብሮንዝ መበላት ይጀምራል። የኔዋ ከሄደሩ በኋላ፣ ላሜራዋ ሙሉ ሆኖ እንኳ፣ ተሳቢ ከፊቷ በያዘባት ቀን ሐረጎ አናት ላይ 120ን አልፋለች። ስለዚህ ኩለር ያስፈልጋት ነበር።

የት ይሰቀል? ይሄ ጥያቄ ነው ሁሉንም የሚወስነው። ብዙ ሰው ኮፈኑ ውስጥ፣ ፋኑ አየር የሚስብበት አፍ ፊት ላይ ይሰቅለዋል፣ ቱቦውም ያጥራል፣ ሥራውም ይቀላል። ግን ዘይቱ የለቀቀውን ሙቀት ፋኑ ስቦ መልሶ ለሲሊንደሩ ይሰጠዋል። ሙቀቱን ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ እንደ ማዛወር ነው፣ ከመኪናዋ አልወጣም። የኋላ መከላከያው አጠገብ፣ ማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ላይ የሚሰቅሉም አሉ። የሄደሩ ሁሉም ቱቦ ተሰብስቦ የሚገናኘው እዚያው ነው! እዚያ የተሰቀለ ኩለር፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ፣ ዘይት ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ጥሩው ቦታ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በላይ፣ ከወለሉ ስር ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ካምቢዮው ከሞተሩ ፊት ነው የሚቀመጠው። መኪናዋ ስትሄድ የሞተሩና የሄደሩ ሙቀት ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው፣ ካምቢዮው ጋ ያለው አየር ግን ገና ያልጋለ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ በራሱ የሚነፍስ ንፋስ ትንሽ ነው። ተሳቢ ኋላ ስትቆሙ ደግሞ ምንም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፋን የግድ ነው። ፋን የሌለው ኩለር ለአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ይሁን፣ ለሐረጎ አይሆንም።

ፋኑን በሙቀት ስዊችና በሪሌይ እሰሩት፣ ዘይቱ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በራሱ እንዲነሳ። የድሮው ዲናሞ አቅሙ ውስን መሆኑንም አስታውሱ። ማታ፣ ጉም ውስጥ፣ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ እየሠሩ ፋኑ ሲጨመር ባትሪው ላይ ይበላል። ትንሽ ፋን ምረጡ። እኔ ከትልቅ አንድ ፋን መጠነኛዋን መርጫለሁ፣ እስካሁን አላሳፈረችኝም።

ኩለሩን በተመለከተ፣ የፕሌት ዓይነቱን ግዙ። ቮልስ ላይ 72 ፕሌትና 96 ፕሌት የሚባሉት የታወቁ ናቸው፣ ለኛ 72ቱ ይበቃል። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ወርዳችሁ ከአሮጌ መኪና የወጣ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ማቀዝቀዣ በርካሽ ይቀርብላችኋል። ተዉት። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ የሞተር ዘይት ሲያልፍ ግፊቱን ያንቀዋል። ያገለገለ ኩለርም ከሆነ ከየትኛው ሞተር እንደወጣ ጠይቁ። የነከሰ ሞተር ላይ የነበረ ኩለር ሆዱ የብረት ብናኝ ነው፣ ስታጥቡት የሚወጣ ይመስላችኋል፣ ግን ሁሉም አይወጣም፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ትኩስ ዘይት ያራግፈውና ብሮንዛችሁ ላይ ይደፋዋል።

ዘይቱ የሚሄድበት ቅደም ተከተልም ይሄው ነው፦ ከፖምፓ ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ኩለር፣ ከኩለር ወደ ሞተር። ፊልትሮው ይቅደም፣ ብናኙ ኩለር ውስጥ እንዳይገባ። ለዚህ የፖምፓው ክዳን መውጫ ባለው ክዳን ይቀየራል፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ መመለሻ ቀዳዳ ተበስቶ ጥርስ ይወጣለታል። ይሄንን ቶርኖ ቤት የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ሞተሩ ሳይፈታ መብሳት አይገባም፣ ብናኙ የት እንደሚገባ አታውቁትም። አንዳንዱ የፋብሪካውን ኩለር አውጥቶ በቦታው ማገናኛ ያስገባና ውጭ ባለው ኩለር ብቻ ይነዳል። እኔ አልወደውም። የፋብሪካው ኩለር ይቆይ፣ የሞተሩ ፋን ያለማቋረጥ የሚነፋው እሱን ነው። የውጭው ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ቴርሞስታት አትርሱ። "እዚህ ሁሌ ሙቀት ነው" የሚል ካለ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ይምጣ። ቴርሞስታት ከሌለ ዘይቱ ገና ሳይሞቅ ኩለር ውስጥ ይዞራል፣ ከሸዋ በር ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ዘይቱ ጭራሽ 80 አይደርስም። ያልሞቀ ዘይት ውስጡ የገባውን ውሃና ቤንዚን አያተንም። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከስሩ ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ካያችሁ ያ ነው ምልክቱ። ቴርሞስታቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ወደ ኩለሩ የሚከፍት ይሁን።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ቱቦው። የቮልስ የዘይት ፖምፓ ያለው ከኋላ፣ ከታች፣ ከኮሎው ፑሌ ስር ነው። ሄደሩ ተሰብስቦ የሚያልፈውም እዚያው አጠገብ። ኩለሩ ደግሞ ከፊት ካምቢዮው ጋ ነው ያልነው። ስለዚህ ቱቦው ወደደም ጠላም ሄደሩን አቋርጦ ማለፍ አለበት፣ ሲሄድም ሲመለስም። ሄደርና ኩለር አንድ ሥራ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። ሄደሩ ቀድሞ ከተገጠመና ቱቦው በኋላ ከመጣ፣ ለቱቦው የሚቀርለት መንገድ ሄደሩ የተወለት ፍርፋሪ ቦታ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ሄደሩን በሁለት ዳዶ ብቻ ለጊዜው ይዞ፣ የፖምፓውን ክዳንና ፊልትሮውን አስቀምጦ፣ በገመድ የቱቦውን መንገድ መለካት ነው። ቱቦው ከራቁት ሄደር ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ። አራት ጣት ካልተገኘ መሃሉ ላይ መከለያ ይግባ።

የቱቦው ዓይነት ላይ አትደራደሩ። የራዲያተር ቱቦ ለዘይት አይሆንም። ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን የተሠራበት ጎማ ለውሃ ነው፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ማጥበቂያው ስር ይተረተራል። የሎደርና የገልባጭ ሃይድሮሊክ ቱቦ በጣም ይሻላል፣ ጫፉ በማሽን ተጨምቆ ነው የሚታሰረው። ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የተለመደው ዓይነት እስከ 100 ዲግሪ ነው የሚፈቀድለት፣ የኛ ዘይት ደግሞ ዳገት ላይ 100ን ያልፋል፣ ከላይ የሄደሩ ሙቀት አለ። ከ100 በላይ የሚችለውን ጠይቁ። የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ከዚያ ካነሰ ግፊት ይቀንሳል። ላዩ የብረት ሹራብ የለበሰውን ካገኛችሁ ጥሩ፣ ግን ሹራቡ ሌላ ብረት ላይ ከተፋተገ እንደ መጋዝ ይቆርጣል፣ በየቦታው በጎማ ያዝ አድርጉት።

የኔዋን መከለያ የሠራልኝ ደሴ ያለ ሽማግሌ በያጅ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ላሜራ ቆርጦ ቱቦው ላይ እንዲጠቀልልልኝ ነበር የሄድኩት። ሄደሩን አገላብጦ አየና "ልጄ፣ ቱቦው ላይ ካስነካኸው እሳቱን ራሱ ነው የምታሸክመው" አለኝ። "ታዲያ እንዴት ይሁን ጋሼ?" ስለው ሁለት ላሜራ ቆረጠ፣ አንዱን የአሉሚኒየም አንዱን የብረት። የብረቱን ከሄደሩ ወገን፣ የአሉሚኒየሙን ከቱቦው ወገን አድርጎ በመሃላቸው አውራ ጣት የምታስገባ ክፍተት ተወ። ክፍተቱን የያዙት አራት አጫጭር ቁራጭ ቱቦዎች ናቸው፣ ቡሎኑ በውስጣቸው ያልፋል። ከላይና ከታች ክፍት ነው፣ አየሩ ሲሞቅ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ግን ተረጋግቶ ያሰበ ሰው ሥራ ነው። ሐረጎን ወጥቼ አናቱ ላይ ቆሜ የአሉሚኒየሙን ወገን በእጄ ጀርባ ጠጋ ብዬ ሞከርኩት፤ ይሞቃል፣ ግን ከቱቦው ወገን ያለው ጎማ ጠረን እንኳ አላወጣም። የብረቱ ወገን ግን ሰማያዊ ቀለም አውጥቷል። ሁለተኛው ላሜራ ባይኖር ያ ሙቀት የሚያርፈው ቱቦው ላይ ነበር።

ሄደሩን በጨርቅ መጠቅለል የሚወዱ አሉ። ሙቀቱን ውስጥ ያቆየዋል፣ እውነት ነው፣ ዙሪያው ይቀዘቅዛል። ግን ተራ ብረት ላይ ከጠቀለላችሁት እርጥበት ይይዛል፣ በኛ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃውንና ውሃውን መጥጦ ሄደሩን ከውጭ ያዝገዋል። ዘይት ከተንጠባጠበበት ደግሞ እንደ ፋኖስ ክር ነው፣ ይመጠዋል፣ ከዚያ ይነድዳል። ቮልስ ከፑሽሮድ ቱቦዎቿ ትንሽ ዘይት የማታንጠባጥብ ብትኖር ብርቅ ነው። ስለዚህ እኔ መከለያውን እመርጣለሁ።

ካርቡሬተሩን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል። ሄደር ሲገባ ጭሱ በደንብ ስለሚወጣ ድብልቁ ወደ መሳሳት ያዘነብላል። ሁለቱ ተቻችለው ደሴ ላይ መኪናዋ ቆንጆ ትሄዳለች፣ ምንም አልነካም ትላላችሁ። ከዚያ ወደ ባቲ ትወርዳላችሁ፣ ከባቲ አልፋችሁ ሚሌ። ሚሌ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ገደማ ናት፣ ሙቀቱም የአፋር ሙቀት ነው። ደሴ ላይ የተስተካከለ የሚመስል ድብልቅ እዚያ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። ዘይቱ ሲግል ሰው ኩለሩን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የጄቱ፣ ማለትም የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቀዳዳ፣ ነው። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ትልቅ ጄት ያስፈልጋል። ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ትርፍ ጄት ኪስ ውስጥ ይኑር፣ መቀየሩ ረጅም ሥራ አይደለም።

አሁን የኔዋ ምን ላይ ናት? ያው ሐረጎ፣ ያው ተሳቢ ኋላ፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ዘይቱ 105 ላይ ይቆማል። ፋኑ ሲነሳ ከውስጥ ይሰማኛል፣ መርፌው ትንሽ ቆይቶ መውረድ ይጀምራል። ደሴ ገብታ ስትቆም ፋኑ ይጠፋል። ግፊቱም ትኩስ ሆኖ በ3,000 ዙር ከ30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አይወርድም፤ ለዚህ ሞተር በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ የሚባለው የቆየ መለኪያ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ትኩረት ይፈልጋሉ። ሄደሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ጓርኒሲዮኑ (መሃሉ ላይ ያለው ማሸጊያ) ስለሚቀመጥ ዳዶዎቹ ይላላሉ፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ መልሳችሁ አጥብቋቸው። ጋዝ ስትለቁ ቁልቁለት ላይ የሚንጣጣ ድምፅ ከሰማችሁ ጓርኒሲዮን እየለቀቀ ነው፣ የሚለቀው ጭስ ደግሞ የፑሽሮድ ጎሚኒውን ይጠብሳል። ዘይቱን ስትለኩ አትሳሳቱ፣ ኩለሩ፣ ፊልትሮውና ቱቦው ራሳቸው ዘይት ይይዛሉ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሞልታችሁ ከተነሳችሁ ጎዶሎ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት አሙቁ፣ አጥፉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ለክታችሁ ሙሉ።

የቤንዚኑን ጎማ በዚያው እጃችሁ ቀይሩት። በነዚህ መኪናዎች ላይ ያረጀ የቤንዚን ጎማ ብዙ ነው፣ የሞተሩ አካል ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት ብረት ነው፣ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም፣ ውሃ ያባብሰዋል። እሳቱ ገና ቤንዚኑ ላይ እያለ የሚጠፋበት የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር። ከሞተሩ ጋር ኋላ እንዳታስቀምጡት።